ለቤት ፋየርዎልና ሰርቨር የትኛውን ልግዛ? (ደብረ ማርቆስ፣ 20 ሜጋ ፋይበር፣ መብራት የሚመላለስበት ሰፈር)

ጨሞጋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ ግቢ ፋየርዎል ራውተርና ትንሽ ሰርቨር መሥራት ፈልጌ ነበር። ግቢው ውስጥ ዋናው ቤትና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተከራዩ አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ። መስመሩ 20 ሜጋ ቢት ፋይበር ነው፣ የሚገናኘውም በፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ)። አሁን ሁሉም ሰው አንድ ዋይፋይ ላይ ነው ያለው። ተከራዮቹ ማታ ቪዲዮ ሲከፍቱ የቤተሰቡ የቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል። ሁለቱ ካሜራዎችም ከሁሉም ጋር ተደባልቀው ነው የተቀመጡት።

ቤተሰቡን፣ ተከራዩንና ካሜራውን መለየት፣ መስመሩን በእኩል ማካፈል፣ የስልክ ፎቶዎችን ባክአፕ ማድረግ፣ ውክፔዲያን በኪዊክስ (ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ) ማስቀመጥና የካሜራ ቅጂ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት መያዝ እፈልጋለሁ።

በእጅ ያለው ታወር ኮር አይ5 4570፣ 8 ጊጋ ራም፣ አንድ የሪልቴክ ፖርት ነው። የሚሸጡት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ያገለገለ ሌኖቮ ኤም720ኪው ታይኒ ከአይ5 8500ቲ ጋር፣ ሌላው ፋን የሌለው ኤን100 ሚኒ ፒሲ አራት የኢንቴል አይ226 ፖርት ያለው፣ ራምና ዲስክ ግን የሌለው።

መብራት አንዳንዴ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሄዶ 5 ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። በዚያን ሰዓት ኢንተርኔቱ እንዲቆይ እፈልጋለሁ፤ ሰርቨሩ ቢዘጋ ግድ የለኝም። የቱ ይሻላል?


ዳሞት፦

መልሱ የመጨረሻው አንቀጽህ ውስጥ ነው ያለው። ኢንተርኔቱ አራት ሰዓት ይቆይ ካልክ የምትመርጠው ሲፒዩ ሳይሆን ዋትና ቮልት ነው። 20 ሜጋ ለማስተላለፍ ሦስቱም ከበቂ በላይ ናቸው፤ ኤን100 የጊጋ መስመርንም ሳይጨነቅ ይሸከማል። የፍጥነት ክርክር ውስጥ አትግባ።

ታወሩ ሥራ ፈቶ ተቀምጦ እንኳ ከ35 እስከ 45 ዋት ይበላል። 40 ብንይዝ በወር 29 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ታይኒው ከ10 እስከ 15 ዋት፣ ኤን100 ደግሞ ከ8 እስከ 12 ዋት አካባቢ ናቸው። በቆጣሪ በኩል ልዩነቱ ላያስጨንቅህ ይችላል፣ በባትሪ በኩል ግን ያስጨንቃል። ኤን100 12፣ የፋይበሩ ሳጥን 6፣ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጨው) 6 ብለን 24 ዋት እንያዝ፤ በአራት ሰዓት 96 ዋት ሰዓት ነው።

አሁን ዩፒኤሱን ተመልከት። ገበያ ላይ የሞላው የ650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው አንድ የ12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፣ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት። እሱ 12 ቮልቱን ወደ 220 ያወጣዋል፣ ያንተ አዳፕተር መልሶ ወደ 12 ያወርደዋል፤ በወጣና በወረደ ቁጥር ይባክናል። ኢንቨርተሩም ለራሱ የሚበላው አለ። አዲስ ባትሪ ሆኖ እንኳ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይዘልም። በየሳምንቱ እስከ ታች የሚራቆት ሊድ አሲድ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

ኤን100 ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በ12 ቮልት አዳፕተር ነው። የፋይበር ሳጥኑም፣ አብዛኛው አክሰስ ፖይንትም እንዲሁ። ሦስቱን ከአንድ ባትሪ በቀጥታ ብታበላቸው 220 የሚባል ነገር መሃል አይገባም። ታይኒው ግን 20 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ የአዳፕተሩ ጫፍ ላይ ያለችው የመሃል ፒን ደግሞ የአዳፕተሩን አቅም ለማሽኑ የምትናገር ናት። ዝም ብለህ በስቴፕ አፕ ብታበላው አላውቅህም ብሎ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል።

ስለዚህ ኤን100 ለራውተር ብቻ፣ ታወሩ ለሰርቨር። ታወሩ የተከፈለበት ዕቃ ስለሆነ ሌላ ብር አታውጣበት።


ጣና ዳር፦

በባትሪው እስማማለሁ፣ በሁለት ማሽን ግን አልስማማም። ታይኒው ላይ ፕሮክስሞክስ (አንድ ማሽንን እንደ ብዙ ማሽን የሚከፋፍል ሲስተም) ጭነህ፣ ኦፕንሴንስን (የፋየርዎል ሶፍትዌሩን) እንደ ቨርቹዋል ማሽን፣ ሌላውን በኮንቴይነር ብታደርገው በ20 ዋት ውስጥ ሁሉም ይሄዳል። የታወሩ 40 ዋት ሙሉ በሙሉ ይቀራል።

ኤም720ኪው ውስጡ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ቦታ አለው፤ ለዚህ ሞዴል የተሠራውን ራይዘርና የኋላ ቅንፍ ለብቻው መግዛት አለብህ። ራይዘሩ ሲገባ የ2.5 ኢንች ዲስኩ ቦታ ይያዛል፣ ስለዚህ ዲስክህ የግድ ኤም.2 ይሆናል። የኔትወርክ ካርዱ ኢንቴል አይ350 ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት ፖርት ይሁን። ፌክ የሆነ አይ350 ብዙ ስላለ በጣም የረከሰውን ተጠራጠር፤ ከአገለገለ ሰርቨር የተነቀለ ካርድ ከአዲስ ፌክ ይሻላል።

የትኛውንም ብትመርጥ ሁለቱ የፋየርዎል ሶፍትዌሮች፣ ፒኤፍሴንስም ኦፕንሴንስም፣ በፍሪቢኤስዲ (እንደ ሊኑክስ ያለ ሲስተም) ላይ የቆሙ ናቸው፤ ፍሪቢኤስዲና ሪልቴክ ደግሞ ብዙ አይዋደዱም። ጭነት ሲበዛ ፖርቱ «ዋችዶግ ታይምአውት» እያለ ይወድቅና ይነሳል። ኦፕንሴንስ የሪልቴክን የራሱን ድራይቨር እንደ ፕለጊን ያቀርባል፣ እሱ ይረዳል፤ ገና ለሚገዛ ሰው ግን ከጅምሩ ኢንቴል መያዝ ነው። የዩኤስቢ ኔትወርክ ካርድ በፍሪቢኤስዲ ላይ አይታሰብ። የግድ ሪልቴክ ከሆነብህ ኦፕን ደብሊውአርቲን ጫን፣ ሊኑክስ ስለሆነ ይችለዋል።


ዳሞት፦

@ጣና ዳር፣ ለአንድ ሰው ቤት ቢሆን እሺ እል ነበር። እዚህ ግን ኪራይ የሚከፍሉ አራት ክፍሎች አሉ። ፕሮክስሞክስን አፕዴት አድርገህ ሪስታርት ባልከው ቁጥር የሁሉም ኢንተርኔት ይቋረጣል። ኦፕንሴንሱ ካልተነሳ ደግሞ ወደ ፕሮክስሞክስ መግቢያ የሚያደርስህ አድራሻ የሚታደለው ከዚያው ካልተነሳው ማሽን ነው፤ ላፕቶፕ ላይ አድራሻ በእጅ መስጠት የማያውቅ የቤት ሰው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ጠያቂው ሰርቨሩ ይዘጋ፣ ኢንተርኔቱ ይቆይ ብሏል። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ከከተትካቸው መብራት ሲሄድ አንዱን ለይተህ ማጥፋት አትችልም፣ ባትሪው ካሜራ መቅጃውንም ዲስኩንም ይዞ ይጓዛል።


ጣና ዳር፦

የተከራዮቹ ነገር ያሳምናል፤ ሁለት ማሽን ይሁን። ግን ስሌትህ ላይ አንድ አክሰስ ፖይንት ነው ያስገባኸው። ሰርቪስ ክፍሎቹ ሌላ ይፈልጋሉ፤ 30 ዋት ያዝ፣ በአራት ሰዓት 120 ዋት ሰዓት።

አራት ፖርት ያለው ማሽን ከተገዛ ደግሞ ቪላን የሚባለውን (አንድ ኬብል ላይ ብዙ ኔትወርክ የመለየት) ጣጣ መተው ይቻላል። አንደኛው ፖርት ወደ ፋይበር ሳጥኑ፣ ሁለተኛው ቤተሰብ፣ ሦስተኛው ተከራይ፣ አራተኛው ካሜራ። ለእያንዳንዱ የተለያየ አድራሻ ስጥ፦ 192.168.10፣ 20፣ 30 እያልክ። ኦፕንሴንስ ከመጀመሪያው የቤተሰብ ፖርት በስተቀር አዲስ ፖርት ላይ ሁሉንም ዘግቶ ነው የሚጀምረው። ለተከራይ መጀመሪያ ወደ ራውተሩ ፖርት 53 ለዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ለሚፈታው) ክፈት፣ ቀጥለህ ወደ ሌሎቹ የውስጥ አድራሻዎች የሚከለክል ሕግ፣ ከሥሩ ወደ ውጭ የሚፈቅድ። ሕጎቹ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበቡ የመፍቀጃው ከመከልከያው በላይ ከተቀመጠ ተከራዩ የቤተሰቡን ኮምፒውተር ያየዋል። ለካሜራው ፖርት የመፍቀጃ ሕግ ጨርሶ አታስቀምጥ፤ ሰርቨሩ ከቤተሰብ በኩል መጥቶ ምስሉን ይወስዳል፣ ካሜራው ራሱ ግን ወደ ኢንተርኔት አይወጣም።

መስመሩን ማካፈሉ ኦፕንሴንስ ላይ «ሼፐር» የሚባለው ውስጥ ነው። መጀመሪያ ማንም ሳይጠቀም መስመሩን ለካ። 20 ከወጣ የማውረጃውን ፓይፕ 18 ሜጋ አድርግ፣ የመጫኛውንም ከለካኸው 90 በመቶ ላይ አቁም። ሙሉውን 20 ካስገባህ ወረፋው አንተ ጋ ሳይሆን ቴሌ በኩል ይከማቻል፣ ያኔ ሼፐሩ ምንም ሥራ አይሠራም። በፓይፑ ሥር ኪዩ ፍጠርና ለማውረጃው ማስኩን «ደስቲኔሽን»፣ ለመጫኛው «ሶርስ» አድርገው፤ ያኔ እያንዳንዱ ስልክ እኩል ይደርሰዋል። አንዱ ሰው አሥር ዳውንሎድ ቢከፍትም ያው የአንድ ሰው ድርሻ ነው።

የስኩዊድ ካሽ (የተከፈተ ገጽን አስቀምጦ መልሶ የሚሰጥ) ላድርግ እንዳትል፤ ዛሬ ድረ ገጹ ሁሉ በኤችቲቲፒኤስ ስለሚመጣ የሚያስቀምጠው ነገር የለም።


ጨሞጋ፦

እናመሰግናለን፣ ኤን100ን ወሰንኩ። ሦስት ነገር ልጨምር፦ ባትሪውን እንዴት ነው የማገናኘው? ታወሩ ላይ ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ብገዛለት ይሆናል? ሰርቪስ ክፍሎቹ ከዋናው ቤት 35 ሜትር ይርቃሉ፣ ኬብሉን በአየር ላይ ልሳበው?


ዳሞት፦

ባትሪውን ልመልስልህ። 120 ዋት ሰዓት ላይ የኮንቨርተሩን ብክነት ጨምረህ 140 ያዝ። ሊድ አሲድ ከሆነ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት 280 ዋት ሰዓት ያስፈልግሃል፣ ማለትም 12 ቮልት 24 አምፒር ሰዓት፤ እያረጀ ስለሚሄድ 40 አምፒር ሰዓት የታሸገ ጄል ግዛ። የመኪና ባትሪ አትግዛ፣ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ ብሎ ለመራቆት አይደለም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ካገኘህ ባለ 12.8 ቮልት 20 አምፒር ሰዓት ይበቃል፣ ክብደቱም ቀላል ነው፤ ቢኤምኤስ (የባትሪው መጠበቂያ ሰርኪዩት) ውስጡ ያለው መሆኑን ጠይቅ።

ቻርጀሩ ለሊድ አሲድ 13.7 ቮልት ላይ የሚቆም ይሁን። ባትሪው ከ11.5 እስከ 13.7 ስለሚዋዥቅ ዕቃውን በቀጥታ አትሰካበት፤ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚያስተካክል የ12 ቮልት ኮንቨርተር መሃል ይግባ፣ ቢያንስ 5 አምፒር የሚችል። ወደ ታች ብቻ የሚያወርድ ከገዛህ ባትሪው 12 ሲደርስ ውጤቱ ወደ 11 ይወርድና ራውተሩ ያለ ምክንያት ሪስታርት ማድረግ ይጀምራል። ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ የ10 አምፒር ፊውዝ፣ እና 11.8 ላይ የሚቆርጥ መቁረጫ ጨምር። ሊቲየም ከሆነ እነዚህ ቁጥሮች ለሱ አይሆኑም፤ በራሱ ቻርጀር ሙላው፣ መቁረጡን ለቢኤምኤሱ ተውለት።

መሰኪያዎቹን ልብ በል። ውጫቸው 5.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቀዳዳቸው 2.1 እና 2.5 የሆነ ሁለት ዓይነት አለ፣ በዓይን አይለዩም። 2.5ቱ ባለ 2.1 ፒን ላይ ይገባል ግን ይላላል፤ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ይጠፋል፣ ሰው ደግሞ ሶፍትዌሩን ይጠረጥራል። ከመሰካትህ በፊት በመልቲሜትር መሃሉ ፖዘቲቭ መሆኑን ለካ።


ሰከላ፦

ዲስኩንና ባዮሱን (ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበትን ማስተካከያ) እኔ ልያዘው።

ለካሜራው ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሁለት ካሜራ እያንዳንዱ 2 ሜጋ ቢት ቢሆን በቀን 43 ጊጋ ባይት ገደማ ይጽፋሉ። አንድ ቴራ ወደ 23 ቀን ይይዛል። ፎቶውን ከካሜራው ጋር አንድ ዲስክ ላይ አታድርገው፤ የካሜራው ዲስክ ቀን ከሌሊት ሲጻፍበት የሚውል ስለሆነ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ካሜራው ላይ ያገለገለ ዲስክ ይሁን፣ ፎቶው ላይ ግን አዲስ ሁለት ዲስክ በመንታ (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ)።

ያገለገለ ስትገዛ ሻጩ ፊት በሊኑክስ ፍላሽ አስነሥተህ የስማርት ዝርዝሩን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የመዘገበውን) አውጣ። ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ዜሮ መሆን አለባቸው። ከነዚህ አንዱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ብድግ ብለህ ሂድ፣ የዋጋ ድርድር አያስፈልግም። 199 ከፍ ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሳታ ኬብሉ ነው፣ ዲስኩን አትወንጅለው። ቁጥር 9 የሠራበትን ሰዓት ይነግርሃል፤ አንዳንዱ ሻጭ ያጠፋዋልና ዜሮ ያለበት አሮጌ ዲስክ ካየህ ጠርጥር። ለዜድኤፍኤስ (የፋይል አያያዝ ሲስተም ነው) መንታ የምትገዛው ዲስክ ሲኤምአር (የጽሑፍ መስመሮቹ የማይደራረቡ) ይሁን። ኤስኤምአር (መስመሮቹ የሚደራረቡ) የሆነው አንዱ ሞቶ ሌላውን እንደገና ስትሞላ ቀናት ይፈጅብሃል፣ አንዳንዴም ከመንታው ተገፍቶ ይወጣል።

ባዮስ ውስጥ ገብተህ ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን ፈልግና «ፓወር ኦን» አድርገው፣ በሁለቱም ማሽን ላይ። ቀጥሎ የማዘርቦርዱን ሲአር2032 ባትሪ ቀይር፣ በተለይ የታወሩን። ይቺ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ካለቀች መብራት ሲመጣ ማሽኑ «ኤፍ1 ተጫን» ብሎ ይቆማል፤ ኪቦርድም ስክሪንም የሌለው ሰርቨር እዚያው ይቀራል። ራውተር ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ዲኤንኤስሴክ (የዲኤንኤስ መልስን በፊርማ ማረጋገጫው) ከበራ ፊርማው ገና አልደረሰም ብሎ ስም መፍታት እምቢ ይላል፣ ስም ካልፈታ የሰዓት ሰርቨሩን አያገኝም፣ ሰዓቱን ካላገኘ ደግሞ መቼም አይስተካከልም። መስመሩ ደህና ነው፣ ፒንግ ይሄዳል፣ ድረ ገጽ ግን አንድም አይከፈትም። ከሰዓት ሰርቨሮቹ አንዱን በስም ሳይሆን በአይፒ አድራሻ አስገባው።

ኦፕንሴንስን ስትጭን ከዩኤፍኤስና ከዜድኤፍኤስ አስመርጦህ ያልፋል፤ ዜድኤፍኤስን ያዝ። መብራት በድንገት በሚቆረጥበት ቦታ ዩኤፍኤስ ተበላሽቶ በእጅ ጠግነኝ ብሎ ሊቆም ይችላል። 8 ጊጋ ራምና 128 ጊጋ ኤስኤስዲ ይበቃሉ። የኤን100 ማዘርቦርድ አንድ የራም ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ አንዳንዱ ዲዲአር4 ሌላው ዲዲአር5 ነው፤ ሳታጣራ ራሙን ቀድመህ ከገዛህ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆንብሃል። አይ226 ፖርቶቹ መስመር እየለቀቁ ካስቸገሩ ባዮስ ውስጥ ኤኤስፒኤምን (የኃይል ቁጠባውን) አጥፋ።

ታወሩን ከ650 ቪኤው ዩፒኤስ ጋር በዩኤስቢ አገናኝና «ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ» ጫን፤ መብራት ከሄደ ከ3 ደቂቃ በኋላ በሥርዓት ይዘጋ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ሰርቨሩ ተዘግቶ ዩፒኤሱ ገና ሳይጠፋ መብራት ከመጣ ታወሩ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ አላየም፣ ስለዚህ አይነሳም። ወይ ዩፒኤሱ ራሱ መውጫውን እንዲቆርጥ እዘዘው፣ ወይ ሳይጠፋ ከሚቆየው ራውተር ላይ በዌክ ኦን ላን (በኔትወርክ በኩል በሚላክ ትእዛዝ) ቀስቅሰው። ሁለተኛው ይቀላል።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን የሚወስደው ከቆላ ያነሰ ነው። ለሰርቨር ክፍል የወጣው የአሽሬ (የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ለማርቆስ 5 ዲግሪ መሆኑ ነው፣ የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ አያሳስብም። ሃርድ ዲስኮች ብዙውን ጊዜ እስከ 3,000 ሜትር ድረስ ይፈቀድላቸዋል። የሚያሳስበው ፋን የሌለውን ሳጥን ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቶ በላዩ ላይ የፋይበር ሳጥኑን መጫን ነው። ክንፎቹ ወደ ላይ ሆነው ግድግዳ ላይ ስቀለው፣ ከሰል ከሚቀጣጠልበት ራቅ አድርገህ።


ጣና ዳር፦

የ35 ሜትሩን ኬብል በአየር አትሳበው። የጎጃም ክረምት መብረቁን ታውቀዋለህ፤ በቀጥታ ባይመታ እንኳ ቅርብ ሲወድቅ መዳቡ ላይ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ከሁለቱም ጫፍ ያለውን ፖርት ያቃጥላል። ሁለት የፋይበር ሚዲያ ኮንቨርተርና የተዘጋጀ 50 ሜትር የፋይበር ኬብል ይሻላል፣ ብርጭቆ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሸጋግርም። የብረት ገመድ አብሮት ያለውን ዓይነት ግን አትግዛ። የግድ መዳብ ከሆነ በፕላስቲክ ቱቦ አድርገህ መሬት ውስጥ ቅበረው። ኬብሉን ከመግዛትህ በፊት አንዷን ሽቦ በቢላ ፋቅ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ አትውሰደው።

ለሰርቪሱ የድሮውን ራውተር አክሰስ ፖይንት ማድረግ ትችላለህ። ዲኤችሲፒውን (አድራሻ አዳዩን) አጥፋ፣ አድራሻውን 192.168.20.2 አድርግ፣ ኬብሉን ደግሞ «ዋን» የሚለው ላይ ሳይሆን «ላን» ላይ ሰካ። «ዋን» ላይ ከሰካኸው ተከራዮቹ በሙሉ በአንድ አድራሻ ተጠቅልለው ይመጣሉ፣ ሼፐሩም እንደ አንድ ሰው ይቆጥራቸውና አራቱም ክፍል የአንድ ስልክ ድርሻ ይዘው ይቀራሉ።

የፋይበር ሳጥኑን ወደ ብሪጅ (መስመሩን ብቻ አሳልፎ መገናኘቱን ለራውተርህ ወደሚተው) ከማስቀየርህ በፊት የፒፒፒኦኢውን የተጠቃሚ ስም፣ ፓስወርድና የቪላን ቁጥር በጽሑፍ ተቀበል። ከተቀየረ በኋላ ያለ እነሱ ምንም አይሠራም። ከዚያ ኦፕንሴንስ ላይ የመጣልህን የውጭ አድራሻ እይ፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አድራሻው ለብዙ ደንበኛ የሚካፈል ስለሆነ ፖርት ፎርዋርድ (ከውጭ ወደ ቤት በር መክፈት) አይሠራልህም፣ ከውጭ ሆነህ ፎቶህን ለማየት ቴልስኬል (የቪፒኤን ፕሮግራም) ጫን።


ዳሞት፦

@ጨሞጋ፣ ለሻጩ ከመክፈልህ በፊት የኤን100ውን አዳፕተር ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክልህ። 12 ቮልት ካላለ፣ 19 የሚል ካለበት፣ ከላይ ያለው የባትሪ ነገር ሁሉ ስለማይሠራ ሌላ ፈልግ።